የጃንጥላ ጠጋኙ አሥራ አንደኛ ክፍል

ሰው ሁሉ የሚፈልገውን ነገር መፈለግ እንዴት ቀላል ነው! ቲማቲም ቢያምራችሁ ሁሉም ሰው ቲማቲም ስለሚያምረው በየደጁ ይሸጥላችኋል። የቱርክ ፊልም ከሆነማ መፈለግም የለባችሁ፤ የጎረቤቴ ቴሌቪዥን ውስጥ ያለችው ሙሽራ በአማቷ ስትሰደብ በግድግዳው በኩል ጥርት ባለ አማርኛ ይሰማኛል። ጣጣው የሚመጣው ማንም የማይፈልገውን ነገር መፈለግ ሲያምራችሁ ነው። ያን ጊዜ ዕቃውን ከማግኘታችሁ በፊት ራሳችሁን ማስረዳት ይጠበቅባችኋል። ለምን ፈለግሽው? ምን ሆነሽ ነው? ደኅና ነሽ?

እኔ የምፈልገው የጃፓን ተከታታይ ድራማ ነው፤ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለው። ይኸው ተናገርሁ። እናንተም እንደ ባሕር ዳር ዘመዶቼ ፊታችሁን አታጨማድዱብኝ።

ነገሩ የጀመረው በዘይነባ ስሕተት ነው። ዘይነባ ከአባቷ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አንዲት ጥግ ቆርሳ፣ ኮምፒውተር አስቀምጣ፣ ለሰው በፍላሽ ፊልም የምትጭን ወዳጄ ናት። አንድ ቅዳሜ “ኮሪያ ጫኚልኝ” ብያት፣ ቤቴ ገብቼ ብከፍተው አንድ ሽማግሌ ጃንጥላ ይጠግናል። ጠበቅሁ። አሁንም ይጠግናል። ማንም በጥፊ አልተመታም፣ የሀብታም ልጅ የድኻ ልጅ አላፈቀረም፣ መኪና የገጨው ሰው የለም። አንድ ሰው የጃንጥላ ሽቦ ሲያቃና ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁ፤ ስነቃ ሻዬ በረዶ ሆኗል። ምን ነክቶኝ ነው ብዬ ሁለተኛውን ክፍል ከፈትሁ።

ሰኞ ዕለት ዘይነባ ጋ ሄጄ፣ “ያ የሰጠሽኝ ኮሪያ አይደለም፤ ጃፓን ነው” አልኋት።

“ውይ ደብርዬ፣ በሞትሁት! አምጪ ልቀይርልሽ።”

“አትቀይሪው፤ ጨምሪልኝ።”

ዘይነባ እጇን ዘርግታ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። ትኩሳት ግን አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ፍለጋው የራሴ ሆነ። የምኖረው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ዘንዘልማ ነው፤ ዘንዘልማ ላይ ኔትወርክ ሲመጣ አያስታውቅ፣ ሲሄድ አይሰናበት። ስለዚህ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ ሐይቁ ዳር እወርድና፣ ሰው ፍቅረኛውን ይዞ በሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ ስልኬን ይዤ እቀመጣለሁ። አንዱ ገጽ ሮቦት አለመሆኔን እንዳረጋግጥ “የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጪ” ይለኛል። የዘንዘልማ ሰው ስለ ትራፊክ መብራት ምን ያውቃል? ሌላው ይከፈትና ጽሑፉ ዐረብኛ ይሆናል። ሌላው ምን ቋንቋ እንደሆነ የሚነግረኝም አጣሁ። እንግሊዝኛ ነው ብዬ በደስታ ያወረድሁት ደግሞ ጽሑፉ ከንግግሩ ቀድሞ ይሮጣል፤ ባል “የት ቆየሽ?” ሳይላት ሚስት “ገበያ” ብላ መልሳ አርፋዋለች። እንዲህ ካለው ትዳር ይሰውራችሁ።

ለምን ትደክሚያለሽ ብትሉኝ፣ የሰው ቤት ማየት እወዳለሁ። ያን ያህል ሩቅ ያለ ሰው ሲኮራረፍ እንዴት ይሆናል? ሲያፍር ዓይኑን የት ያሳርፋል? ይህን ለማወቅ አውሮፕላን የሚያሳፍረኝ የለም። ስለዚህ አነባለሁ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ መሆኔም አንድ ነገር ይጥቀም እንጂ!

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ጣና ላይ ባለችው ደቅ ደሴት አርባ ዓመት ጉባኤ ዘርግተው ትርጓሜ መጻሕፍት አስተምረዋል። እኔ ሴት ልጃቸው ስለሆንሁ ከጉባኤው አልተቀመጥሁም፤ ከአጥሩ ወዲያ ሆኜ እየሰማሁ አደግሁ። አላስቀየመኝም አልልም። ቂም ይዤ ግን አልኖርሁም፤ ወይም አልያዝሁም ብዬ አስብ ነበር። ባለፉት ዓመታት ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሞራ ጋረዳቸው። መጽሐፉን በቃላቸው ስለሚያውቁት ማንም አልነቃባቸውም፤ የተነቃባቸው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ድንጋይ ደፍቷቸው ጉልበታቸው ሲላጥ ነው። በልመናም በቁጣም አምጥቼ የቀኙን ዓይናቸውን አሠራሁላቸው። ለግራው ከአራት ሳምንት በኋላ ሰኞ ተቀጠረ። ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርታ፣ “የግራው ቆይቷል፤ ካሁን በኋላ ከዘገየ ዓይኑ ራሱ ሊጠፋ ይችላል” አለችኝ።

አባቴ በማግሥቱ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ “አንዱ ይበቃኛል። ሐሙስ በጀልባ እገባለሁ” አሉ።

ተማሪዎቼ ይበተናሉ አሉ፤ ባጃጁ እንቅልፍ ነሳኝ አሉ፤ እግዜር አንድ ዓይን ከሰጠ ሁለተኛ መጠየቅ ስግብግብነት ነው አሉ። እኔ ግን አውቄዋለሁ፤ ፈርተዋል። የመጀመሪያው ቀን ከማከሚያው ክፍል ሲወጡ እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር፤ ስይዛቸው አለቅም አሉኝ። አባቴ እጄን መቼ ይዘውኝ እንደሚያውቁ ባስብ ባስብ አልመጣልኝ አለ። ለመሆኑ አርባ ዓመት ሰው ያስፈሩ መምህርን “ፈርተዋል” ብሎ የሚናገር ማን ነው? እኔስ አልሞከርሁትም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ተስፋ ቆርጬ ጃንጥላ ጠጋኜን ከፈትሁ። አባቴ “ያ ሣጥን” የሚሉትን ቴሌቪዥን አያዩም፤ “ዓይኔን ያሠራሁት ለዚህ አይደለም” ብለው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡ። ጆሮ ግን አይዞርም። ትንሽ ቆይተው፣

“ምን ቋንቋ ነው?” አሉ።

“የጃፓን ነው፣ አባዬ።”

“አንቺ በምን ሰማሽው?”

“ከሥሩ በእንግሊዝኛ ተጽፏል።”

“ታዲያ ምን ይላል?”

ነገርኋቸው። ሁለት ወንድማማቾች በአንዲት መንገድ ግራና ቀኝ ይኖራሉ። ታላቁ ጃንጥላ ይጠግናል፤ ታናሹ ዓሣ ይሸጣል። ሃያ ዓመት ተኮራርፈው አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ታናሹ ጃንጥላው ሲሰበር በጎረቤት እጅ ይልካል፤ ታላቁ የማን እንደሆነ እያወቀ ይጠግናል፣ በጎረቤት እጅ ይመልሳል። ከዚያ ሽማግሌው ወደ ደጅ አየና አንድ ነገር ተናገረ።

“ምን አለ?”

“‘ዝናብ ሊመጣ ነው’ አለ።”

“ንባቡን ሰማሁ። ትርጓሜውስ?”

“ትርጓሜውም ያው ነው፣ ዝናብ ሊመጣ ነው።”

“አንድም?”

ለማታውቁት ልንገራችሁ። የትርጓሜ መምህር አንድን ቃል በአንድ ፍቺ አይለቀውም፤ አንዱን ከሰጠ በኋላ “አንድም” ብሎ ሁለተኛውን፣ ደግሞ “አንድም” ብሎ ሦስተኛውን ይጨምራል። አባቴ ይህን ጥያቄ ለስንት ተማሪ ጠይቀዋል። ለእኔ ጠይቀውኝ አያውቁም።

“አንድም… ወንድሙ ጃንጥላ ሳይዝ ሲወጣ አይቶታል” አልሁ።

“እሰይ” አሉ ለግድግዳው። “አንድም ዝናብ ከመጣ ሥራ ይመጣለታል። አንድም ሥራ ከያዘ ወንድሙን ከማሰብ ያርፋል። ቀጥዪ።”

በዚያ አኳኋን አንዱን ክፍል ባንድ ቀን አንጨርሰውም ነበር። የአርባ አምስት ደቂቃ ድራማ በአባቴ እጅ ሲገባ ዓመት የሚፈጅ ጉባኤ ሆነ። ሐሙስ መጣ፤ ጀልባዋ ያለ እሳቸው ሄደች። “የነዚህን ነገር ዳር ሳላደርስ አልሄድም” አሉ። እኔም ክፍሎቹ አሥራ አንድ መሆናቸውን አስቤ፣ ቀኑን ቆጠርሁና እግዜርን አመሰገንሁ። ሲቸኩሉ አዘገየኋቸው፤ ሲያዘግሙ ዝም አልኋቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስለ ዓይናቸው ብቻ አልነበረም። ደስ ብሎኝ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ፣ በገዛ ቤቴ፣ የአባቴ ተማሪ ሆኜ ተቀመጥሁ።

አሥረኛው ክፍል ያለቀው ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት ነው። ታናሹ ዓሣ መሸጫውን ዘግቶ፣ የተሰበረ ጃንጥላውን ራሱ ይዞ፣ መንገዱን ሊሻገር ቆመ። አለቀ። አባቴ ከወንበራቸው ሊነሡ ምንም አልቀራቸውም።

“ቀጥዪው እንጂ!”

አሥራ አንደኛው ግን የለም። ዘይነባ ጋ የለም። ሐይቁ ዳር ወርጄ ያላንኳኳሁት ገጽ የለም። በመጨረሻ የደረስሁበት ይህን ድራማ ስለወደደችው ብቻ በነጻ ወደ እንግሊዝኛ የምትተረጉም አንዲት ሴት እንዳለች ነው። ማን እንደሆነች፣ የትኛው አገር እንዳለች አላውቅም። ከአሥረኛው ክፍል ሥር ግን ማስታወሻ ትታለች፦ “ይቅርታ፣ ልጅ ወልጃለሁ፤ የመጨረሻውን ቆይቼ እተረጉማለሁ።”

ይህን ለአባቴ መንገሬ ነው ስሕተቱ።

“እንኳን ማርያም ማረቻት!” አሉ ፊታቸው በርቶ። ቀጥለውም፣ “ወንድ ነው ሴት?”

“አልጻፈችም።”

“ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ። ክርስትና ሳይነሣ አራስ አትሠራም። እንግዲያውስ እኔም ሐሙስ ልግባና ከአራስ ቤት ስትወጣ እመለሳለሁ።”

ሴትዮዋ ክርስቲያን ትሁን ቡድሃ፣ ልጇ አርባ ቀን ይጠብቅ አይጠብቅ የሚያውቅ የለም። አባቴ ግን ቆጥረው ጨርሰዋል።

“አባዬ፣ ሰኞ እኮ ቀጠሮ አለዎት!”

“ለሁሉም ባንድ ጊዜ እመለሳለሁ።”

አይመለሱም። ደቅ ከገቡ ማን ያወጣቸዋል? ሰማንያ ቀን ደግሞ ያ ዓይን አይጠብቅም። ማክሰኞ ዕለት እየሮጥሁ ዘይነባ ጋ ሄድሁ፤ ሁሉን ነገርኋት። ደግ ናት፣ ሥራዋን ትታ ስትፈለፍል ዋለችና ረቡዕ አሥራ አንደኛውን አገኘችልኝ። ጃፓንኛውን ብቻ። ከሥሩ አንዲት ፊደል የለበትም።

“ምን ላድርገው? እኔ ጃፓንኛ አልችል!”

“አባትሽ ጀርባቸውን ሰጥተው አይደል የሚቀመጡት?” አለች ዘይነባ። “ከራስሽ እያወጣሽ አውሪላቸዋ! ለዓይናቸው ብለሽ ነው፤ አላህም ይቅር ይልሻል።”

አላህ ይቅር ይል ይሆናል። መሪጌታን ግን ዘይነባ አታውቃቸውም።

ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ከፈትሁት። አባቴ እንደ ልማዳቸው ወደ ግድግዳው ዞረው ተቀምጠዋል። ሽማግሌው አንድ ነገር ተናገረ።

“ምን አለ?”

“‘ወንድሜ ሆይ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ስናፍቅህ ኖርሁ’ አለ።”

አባቴ ዝንብ የሚያባርሩበትን ጭራ ማወዛወዝ አቆሙ።

“ይህን እሱ አላለም።”

“እንዴት አላለም?”

“አሥር ክፍል ሙሉ ‘ዝናብ ሊመጣ ነው’ ሲል የኖረ ሰው ዛሬ ማን አፉን ፈታው? ደግሞ የተናገረው እፍኝ የማትሞላ ነገር ናት፤ አንቺ የነገርሽኝ ቁና ሙሉ ነው። ከየት አመጣሽው?”

ምን ልበል? ተናዘዝሁ። ጽሑፍ የለውም አልኋቸው። አባቴ በሕይወታቸው ሌብነትን ይቅር ብለዋል፣ ስካርን ይቅር ብለዋል፤ ከተጻፈው ላይ የራሱን ቃል የሚጨምር ተማሪ ግን ዓይናቸው አይቶ አያልፈውም። ተነሡ። በትራቸውን በዳበሳ አነሡ።

“ነገ በጧት ወደቡ አድርሽኝ።”

አለቀስሁ ብዬ ለመናገር አፍራለሁ፤ ግን አልቅሻለሁ። አርባ ዓመት ያልተናገርሁበት አፌ ባንድ ጊዜ ተከፈተ።

“ፈርቼ ነው! ዓይንዎ እንዳይጠፋ ፈርቼ ነው የዋሸሁት! እርስዎም ፈርተዋል! አንድ ይበቃኛል የሚሉት ፈርተው ነው፤ እጅዎን ይዣለሁ እኮ፣ አውቃለሁ!”

አባቴ በሩ ጋ እንደቆሙ ቀሩ። ከቴሌቪዥኑ የሚሰማው የዝናብ ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ የሱቅ በር ተከፈተ። የሰው እርምጃ። ጠረጴዛ ላይ አንድ ነገር ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገረም፤ ዝናቡ ብቻ።

“ማን ገባ?” አሉ አባቴ ቀስ ብለው።

“አልነግርዎትም። አንድ ቃል ጨምሬ ተቆጡኝ፤ ሁለተኛ አልጨምርም። በራስዎ ዓይን ይዩት።”

ቆሙ። ጠበቅሁ። በመጨረሻ ወንበሩን ጎትተው፣ ኮሽታው ሳይበዛ አዙረው፣ ፊታቸውን ወደ ሣጥኑ አድርገው ተቀመጡ። ገና መነጽር ስላልተሰጣቸው፣ የተሠራችውን ዓይን አጥብበው አንገታቸውን አሰገጉ።

“ታናሹ ገብቷል” አሉ። “ርሷል። ጃንጥላውን አስቀመጠለት። ታላቁ ያ የቆመው ነው?… ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ይስቃል ወይስ ያለቅሳል?”

ዝም።

“ደብሬ! ይስቃል ወይስ ያለቅሳል? ከሳቀ አላግጦበታል፤ ካለቀሰ ታርቋል። አንድም… ኧረ ፊቱ አልታየኝም። ይቺ ዓይን አልቻለችም።”

“አልነግርዎትም፣ አባዬ።”

እንግዲህ ለእናንተ ልናዘዝ። የሽማግሌው ፊት ለእኔም አልታየኝም። ድራማውን የሠሩት ሰዎች ታላቁን ወደ ሱቁ መስኮት አዙረው አቁመውታል፤ ሁለት ደኅና ዓይን ይዤ ያየሁት ጀርባውን ነው። እስኪያልቅ አልዞረም። አባቴ ግን ጥፋቱን የዓይናቸው አደረጉት፤ እኔም አላረምኋቸው። ውሸት ነው? አንድ ቃል አልጨመርሁም፣ አንድ ቃል አልቀነስሁም። ዝም ነው ያልሁት።

አባቴ ድራማው ካለቀ በኋላ ባዶውን ሣጥን ብዙ አዩት። ከዚያ በትራቸውን ግድግዳው ላይ መልሰው አስደገፉና፣

“ሰኞ ያልሽው በጧት ነው ከሰዓት?” አሉ።

በጧት ነበር። ሰኞ ስንገባ እጄን ራሳቸው ፈልገው ያዙኝ፤ ስንወጣም አልለቀቁኝም። በደኅና ተሠራላቸው።

መነጽሩ በተሰጣቸው ቀን ቤት ገብተው ምሳ እንኳ አላሉም። “ክፈቺው” አሉ። ከፈትሁት። በሩ ተከፈተ፤ ታናሹ ገባ፤ ጃንጥላው ተቀመጠ። የሽማግሌው ጀርባ መጣ። አባቴ አዩ፣ አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

“ጀርባውን ነው የሰጠው።”

“አዎ።”

“ያን ዕለትም ታውቂ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

ሊቆጡኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ምን ይባላል? የሰው ጀርባ ላሳያቸው ዓይናቸውን አስቀድጃለሁ።

“መልሺው” አሉ።

መለስሁት። እንደገና አዩ። “መልሺው” አሉ። ሦስተኛ መለስሁት። በሦስተኛው ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረቡና፣ በጭራቸው እጀታ ከሽማግሌው ትከሻ በላይ፣ የሱቁን መስኮት ነኩልኝ። ውጭው በዝናቡ ጨልሟል፤ መስታወቱ ላይ ፊት አለ። የሽማግሌው ፊት፣ ከነጢሙ፣ ቁልጭ ብሎ።

እኔ ይህን ድራማ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ከዚያ በፊትም ስንቱን አይቻለሁ! ዓይኔ ግን ሁልጊዜ ከሥር ከሥር፣ ጽሑፉ ላይ ነው፤ ጽሑፍ በሌለበት ቀን እንኳ ከለመደበት አልተነሣም። ወደ ላይ ቀና ብዬ መስታወት አይቼ አላውቅም።

“ታዲያ ይስቃል ወይስ ያለቅሳል?” አልኋቸው።

አባቴ በአዲሱ መነጽራቸው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

“ዓይን የለሽም እንዴ?” አሉኝ።